ባጃጅ የተሳፈረችው የጫካ እንሽላሊት

ቅዳሜ ጠዋት ለአበቦቼ ብዬ ከጭላሎ ግርጌ ካለው ጫካ ያመጣሁትን አፈር በረንዳ ላይ ስገለብጥ... የሚያብለጨልጭ ነገር ከበሰበሰው ቅጠል መሃል ሹልክ አለ።

ጮህኩ። ድመታችን ዘላ ያዘች... እጇ ላይ የቀረው ግን ጭራ ብቻ ነው። እኔም መጥረጊያ አነሳሁ።

«ተይ! እንዳትመቻት!»

አባባ ናቸው። እናታችን ካለፈች ወዲህ መስጊድ እንኳ ቀርተው፣ ግቢ ውስጥ ዝም ብለው የሚውሉት አባባ... ተነስተው በኮፊያቸው ከደኗት።

እንሽላሊት ናት። ከጣት የማትበልጥ፣ እግሮቿ ለምልክት ያህል የተሰኩ፣ ቆዳዋ ቅባት የጠገበ የሚመስል።

«የጫካ ናት። እርጥብ ቅጠል ስር ነው የምትኖረው። እዚህ ፀሐዩ ይፈጃታል» አሉ።

«ታዲያ ምን እናድርጋት?»

«ቤቷ እናድርሳት። ኮቴን አምጪልኝ።»

ኮቴን?... ከግቢ ሊወጡ ነው! ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ ሮጥኩ።

እርጥብ ቅጠል ባለበት ጣሳ ውስጥ ከተናት ባጃጅ ያዝን። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ጣሳው ከእጄ አምልጦ ተገለበጠ።

«እባብ! እባብ!» ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ ዘሎ ወረደ።

«አንተ፣ እባብ እግር አለው እንዴ?» አሉት አባባ።

«እግር ኖራት አልኖራት እሷ ሳትወጣ እኔ አልገባም!»

አባባ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ተንበርክከው ወንበሩ ስር እጃቸውን ሰደዱና «ሱታ... ሱታ...» እያሉ፣ ቀስ በይ እያሉ በኦሮምኛ፣ እንደ ሕፃን አባብለው አወጧት።

ጫካው ጉም ለብሶ ነበር። ዝግባ ስር፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ አስቀመጧት። ትንሽ ቆመች... ከዚያ ቅጠሉ ውስጥ ጠለቀች። በሄደችበት ሁሉ ቅጠሉ ሲነቃነቅ እናያለን። አባባ ጨርሶ እስኪረጋ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

«እናትሽ ብትኖር አብዳችኋል ትለን ነበር» አሉ ፈገግ ብለው።

ስሟን ካነሱ ስንት ጊዜያቸው... እጃቸውን ያዝኩ።

ስንመለስ አባባ ከሹፌሩ ጋር ስለ እባብና ስለ እንሽላሊት እየተከራከሩ አሰላ ገባን።

እና ወደዚያ ጫካ የምትወጡ ካላችሁ... ቅጠሉን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ጭራ የሌላት ባለውለታ አለችን።