«አንድን ይጫኑ»

ባለፈው እሑድ ልጄ አዲሱን ስልኳን ስታሳየኝ የማይታወቅ ቁጥር ደወለ። ስልኩ ቀላና «አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል» የሚል ጽሑፍ አወጣ። እሷ ዘግታው ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ በስልኩ ቀናሁ።

በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። እጮኛዬ ታደለ በአንኮበር መንገድ ጎረቤላ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ቅናቴን አገር ያውቀዋል። ስልኩ ሲጠራ ከእጁ ቀድሞ የሚደርሰው የእኔ ዓይን ነው።

አንድ ቀን ሽሮ እየበላን አጭር ቁጥር ደወለ። ቀምቼ አነሳሁት። ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ተመርጠዋል» አለችኝ።

«የመረጥኩት እኔ ነኝ! አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ለመቀጠል አንድን ይጫኑ» አለች፣ ምንም እንዳልሰማች። ንቀቷ አንገበገበኝ። አፌ ያመጣውን ሁሉ ስሰድባት የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ታደለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «የተቀዳ ድምፅ እኮ ነው። ከማሽን ጋር ተጣላሽ።»

ወሬው በሚኒባሱ ተጭኖ ጎረቤላ ደረሰ። ሾፌሮቹ ባዩኝ ቁጥር «አንድን ይጫኑ» ይሉኝ ጀመር። ከኀፍረቴ የተነሣ ስልኩን ዳግመኛ ላልነካ ማልኩ።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ታደለ ከአንኮበር መንገድ እሸት ባቄላ ያመጣልኝ ጀመር። «ተሳፋሪ ሰጠኝ» ይላል። የተቋጠረበት ጨርቅ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ፣ ስፌቱ ደቃቅ፣ የሴት እጅ ያረፈበት ነበር። ልብስ ሰፊ ይህን እንዴት ታጣዋለች? ውስጤ ነደደ። ግን እንደገና ይስቁብኛል ብዬ ዋጥኩት።

ባቄላውን አብረን እየፈለፈልን ስም የሌለው ቁጥር ደወለ። ታደለ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ማነው አላልኩትም።

«እነዚያ የሽልማት ሰዎች ይሆናሉ፤ ዝጋው» አልኩት፣ በገዛ አፌ። ዘጋው። ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጥር ላይ ታደለ ጎረቤላ ሠርጉን ደገሰ። ሙሽራዋ እሸቱን ስትልክ የከረመችው ልጅ ነበረች።

እሑድ ዕለት ልጄን፣ «ስልክሽ የሚቀላው መቼ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብዙ ሰው አጭበርባሪ ነው ያለው ቁጥር ሲደውል ነዋ፣ እማዬ።»

በስልኩ መቅናቴን ያኔ ተውኩት። ያጭበረበረኝ የደወለው ሰው አልነበረም፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ባቄላ ይፈለፍልልኝ የነበረው ነው። እሸት ግን ሰው ሲሰጠኝ፣ እስከ ዛሬ ከባቄላው በፊት የማየው ጨርቁን ነው።