እናቴን የጠበቅኩበት ቀለም

በ፲፱፻፹፮ ዓ.ም. እኔ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ራሴ ግን የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ራስ ነበር። ዛሬ የሚነጣም የሚጠቁርም ፀጉር አልቀረልኝም፣ መላጣ ነኝ። ስለዚህ ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጄ ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ የፀጉር ቀለም ስትበጠብጥ፣ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ እስከ ተቀመጥኩበት መጥቶ «መጀመሪያ ግንባርሽንና ጆሮሽን ዘይት ቀቢ፤ ሳህኑም ብረት አይሁን» ብዬ ብናገር ጊዜ፣ ብሩሹን አንጠልጥላ ቀረችና ሳቀችብኝ።

«አባዬ ደግሞ ስለ ፀጉር ቀለም ምን ታውቃለህ?»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ ሰማያዊ ጥቁር ይላል። ይሄንንማ እሷ ሳትወለድ አውቀዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ራሴ ላይ ተሸክሜዋለሁ።

እኔ የመጣሁት ከወሎ ነው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በሰፈራ። ሂድ ያለችኝ እናቴ ናት። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ሞቷል፣ ቤታችን ውስጥ እሷና እኔ አልጋ ላይ ከዋለችው አያቴ ጋር ቀርተን ነበር፣ ጎተራው ከተጠረገ ቆይቷል። አልሄድም ብዬ ገግሜ ነበር፤ የእሷን ግግምና ግን አልቻልኩትም። ሰፋሪ የሚመዘገብበት ሜዳ ድረስ እንደ ልጅ እጄን ይዛ ወሰደችኝና «አንተ እንኳ ብላ» ብላ አስመዘገበችኝ፤ እሷ የታመመች እናቷን ጥላ የት ትሄዳለች! መኪናው ሲነሳ አቧራው ውስጥ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ቆማ ትታየኛለች፣ እስከ ዛሬ።

አሶሳ ስንደርስ መንደራችን በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ ነበር፤ ቤቱ ከሽመል ቀርከሃ የተሠራ፣ ዙሪያው ከሰው የሚበልጥ ሣር፣ ዝናቡ ሲመጣ የቆርቆሮ ያህል የሚጮህ። ወባው አንዱን ይዞ አንዱን ይለቅ ነበር። እኔን በለቀቀኝ በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤት መስታወት ተበድሬ ባይ ጆሮ ግንዴ ላይ ነጭ ብቅ ብሏል፤ አራተኛው ዓመት ሲገባ እንዳለ ጥጥ ሆነ። አንዱ ትኩሳቱ ነው አለ፣ ሌላው ሐሳብ ነው አለ፣ ሌላው ውሃው ነው አለ። እኔም አገሩ ልጅነቴን በላው ብዬ ተቀበልኩ፤ በልቼ ባድርም ዋጋውን ከራሴ ላይ አስከፈለኝ አልኩ።

ደርግ ወደቀ። አሶሳ የአዲሱ ክልል ከተማ ሆነች፤ በየቀኑ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ በየበሩ ቀለም የያዘ ሰው መሰላል ላይ ተሰቅሏል። በዚያ ሰሞን ከደሴ ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ አንድ ሾፌር አገኘሁና ደህና ነኝ ብዬ ለእናቴ ላክሁ። መጋቢት ላይ መልሱን አመጣልኝ፤ «መጥታ በዓይኗ ካላየችህ አታምንም፤ በዚህ ወር እመጣለሁ ብላለች» አለኝ።

ከደስታዬ እኩል ድንጋጤ መጣብኝ። እናቴን አውቃታለሁ፤ ይህን ነጭ ራስ ባየች ጊዜ ሌላ ምንም አትልም፣ «እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያስረጀሁት» ትላለች፣ ያን ይዛ ትመለሳለች፣ ያን ይዛ ትሞታለች። ስለዚህ እናቴ ስትመጣ ራሴ ጥቁር ሆኖ ሊቆያት ይገባል ብዬ ወሰንኩ። ሰው ምንም ቢል።

በገበያው ዳር ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ የበርታ ሴት ነበሩ፤ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል የሚመጣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና የፀጉር ቀለም ይሸጣሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ እሳቸውም ግድ የላቸውም። ነጭ የፍየል ጠጉር በየቀለሙ ነክረው፣ በክር አስረው ከድንኳናቸው ምሰሶ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ሰው አይቶ ይመርጣል።

«ልታገባ ነው?» አሉኝ።

«እናቴ ልትመጣ ነው።»

«እናት ፀጉር አይቆጥርም!»

«የኔዋ ትቆጥራለች።»

መጀመሪያ ሂናውን አሳዩኝ፤ መስጊድ ያሉት ትልልቆቹ ሁሉ ጢማቸውን በእሱ ያቀሉታል፣ ግን ቀይ ራስ ለእናቴ ሌላ ሽማግሌ ማሳየት ነው። ድፍኑን ጥቁር አነሳሁ። ተው አሉኝ፤ አልሰማሁም። ቤቴ ሄጄ ብቻዬን ተቀባሁት፤ በማግስቱ ውሃ መቅጃው ጋ ስደርስ ሙሄ፣ አብሮኝ በአንድ መኪና የመጣው ጎረቤቴ፣ እንስራውን አስቀምጦ ዞረኝ።

«ሁሴን፣ ድስት ደፍተህ ነው የመጣኸው?»

እውነትም ጥላሸት ነበር፤ ፊቴ ከሥሩ አመድ መስሎ ቀርቷል። ኩራቴን ውጬ ወደ ሐጃ ተመለስኩ። አልሳቁብኝም፤ ከምሰሶው አንዷን ጠጉር ፈትተው እጄን ይዘው ፀሐይ ላይ አወጡኝ። ጥላው ውስጥ ጥቁር ብቻ የነበረችው ነገር ፀሐይ ሲነካት እንደ ቁራ ላባ ሰማያዊ ብልጭ አለች።

«ይሄ ነው። ሰው ጥቁር ነው፣ ግን ከሰል አይደለም። የልጅ ፀጉር ፀሐይ ላይ እይ፣ ውስጡ ሰማያዊ አለው፣ ወላሂ!»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ክንድህ ላይ ነካ አድርገህ እደር፤ ካሳከከህ «ኻላስ፣ ተወው»። ካላሳከከህ ዱቄቱን በሸክላ ወይ በፕላስቲክ ሳህን ለብ ባለ ውሃ አቅጥነህ፣ ግንባርህንና ጆሮህን የሰሊጥ ዘይት ቀብተህ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ ጀምረህ ትቀባለህ፤ ፌስታል ታስራለህ፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ታጠበዋለህ። በልብስ ሳሙና ራስህን ከነካህ የለፋህበት ሁሉ ሄደ። እርሻ ስትወርድ ሻሽ ጠምጥም፣ ፀሐይ ሰማያዊውን ይበላዋል። ሥሩ እንደ ሽንኩርት ነጭ ብሎ ብቅ ሲል ደግሞ ሥሩን ብቻ ነው የምትነካካው፤ ጫፉን ከደጋገምክበት ብርሃኑ ይሞትና ድስቱ ይመለሳል።

እናቴ በመጋቢት አልመጣችም። ሚያዝያም አለፈ፤ ታመመች አሉኝ፣ አብሯት የሚመጣ ሰው አጣች አሉኝ፣ ከዚያ ዝናቡ ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ። ድንገት ብትመጣስ ብዬ ቀለሙን መተው አልቻልኩም፤ ሰው በቆሎውን ሲኮተኩት እኔ ራሴን ስኮተኩት ክረምቱ ሄደ። የሸሚዜ ኮሌታ ሰማያዊ ሆነ፣ ትራሴ ሰማያዊ ሆነ፣ የታጠብኩበትን ውሃ በደፋሁበት ቦታ የሙሄ ነጭ ዶሮ ተንከባልላበት ጭራዋ ጠቁሮ ገባችና ሚስቱ ጎረቤት ይፍረደኝ ብላ በሬ ላይ ቆመች። መንደሩ ዘፈን አገኘ፤ «ክልሉ ቢሮ ይቀባል፣ ሁሴን ራሱን ይቀባል» ይሉ ነበር፣ ልጁም ትልቁም። ይሳቁ፤ እኔ የማስበው አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ስትወርድ ፊቷ ምን እንደሚመስል ብቻ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከሰዓት በኋላ መጣች። አውቶቡሱ እስከ ጣራው ጭቃ ለብሶ ቆመ፤ እናቴ ትንሽ ጥቅል ደረቷ ላይ ታቅፋ ወረደች፣ አንድ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ቁመቷ ከማውቀው አጥሯል። ሮጬ ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ። አንስታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ በደህናው ዓይኗ ፊቴን አየች፣ ጢሜን አየች፣ ፀጉሬ ላይ ደርሳ ቆመች። እጆቿ ቀስ ብለው ከጉንጬ ወረዱ።

«እንደምን ከረሙ» አለችኝ።

እናቴ አንቱ አለችኝ። አውቶቡሱ አናውዟት ይሆናል ብዬ ጥቅሉን ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም። ቤት ገብተን በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጥቅሉ ጭኗ ላይ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ እንደሚሄድ እንግዳ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ የጎረቤታችን ስም ማን ነው፣ ከቤታችን በላይ ያለው ዛፍ ምንድነው፣ በሬያችን ስሙ ማን ነበር። በሬውን ቦራ አልኳት።

«ቦራማ የልጄ አጎት በሬ ነው» አለች፣ ወደ ደጅ እያየች።

ያኔ ገባኝ። እናቴ ልጇ መሆኔን አላመነችም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የበሬ ስም ጠፍቶኝ እናቴን ላጣ ነው። እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴ ይሻክራል እንጂ አይለሰልስም።

«እማ፣ ልጅሽን ነው የምትጠይቂው ወይስ ሌባ?» አልኳት።

«አይቆጡ። አገሩ ሰፊ ነው፣ ስም ይመሳሰላል» አለች።

ይህን እንዳለች ሐጃ ዘይነብ የበቆሎ እሸት አዝለው፣ ገና ከአጥሩ ሳያልፉ እየጮሁ ገቡ። «መጣ? እናት መጣ?» እሸቱን ጣሉና እናቴን አቅፈው ደጋግመው ሳሟት፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው ወደ ራሴ ጠቆሙ።

«እናትዬ፣ ፀጉር አየህ? ጥሩ ነው? እኔ ነው የሠራው!»

ዓይኔን ብጠቅስላቸው፣ በእግሬ ብነካቸው፣ ማን ይሰማል!

«ምኑን ነው የሠሩት?» አለች እናቴ።

«ይሄ ነጭ ነበር! ጥጥ! እናት ይደነግጣል ብሎ፣ ክረምት ሙሉ ቀባ፣ ቀባ፣ ቀባ።»

እናቴ ብድግ አለች፤ ጥቅሉ ከጭኗ ወደቀ። መጥታ ራሴን ይዛ ደረቷ ላይ ደፋችውና በጣቶቿ ፀጉሬን እየከፈለች፣ ደህናውን ዓይኗን እስከ ቆዳዬ አስጠግታ፣ ሥር ሥሩን ፈለገች። ከጆሮዬ ኋላ አገኘችው። ትንፋሿን ሰማሁት፣ ረጅም ነበር።

«የይማም ራስ!» አለች። «ይኸው የይማም ራስ! ሁሴንዬ፣ አንተ ነህ! አንተው ነህ!»

አባቴን ራሱን ተላጭቶ፣ ኮፍያ ደፍቶ ብቻ ነው የማስታውሰው። ለካ ሲያገባት ገና ሃያ አምስት ሳይሞላው እንዳለ ነጭ ነበር፤ የሠርጉ ዕለት የእሷ ዘመዶች እሱ የሙሽራው አባት መስሏቸው ጉልበቱን ስመው «ሙሽራውስ ወዴት አለ?» ብለው ጠይቀውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በየሳምንቱ ተላጨ። ወንድሞቹም እንዲሁ ተላጭተው ነው የኖሩት፣ ሠላሳ ዓመት ጥቁር ራስ ይዞ የገባ የለም። እናቴ ከደሴ ጀምራ መንገዱን ሙሉ ስታስብ የመጣችው ነጭ ራስ ነበር፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ያቀፋት ሰው ግን እንደ ቁራ የጠቆረ ሆነባት።

እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር የምትነግረኝ፣ ሐጃም የገባቸውን ያህል ገብቷቸው አብረው ያለቅሳሉ። ያን ሁሉ ዓመት አገሩ በላኝ፣ ዕድሜዬ አለቀ ስል የኖርኩት፣ ለካ ምንም አልሆንኩም፤ አባቴ ነው ራሴ ላይ የመጣው። እሷም አላስረጀችኝም። ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ የፈራችበትን ነገረችኝ። ደርግ እንደወደቀ ከሰፈራ የተመለሰ ሰው «ሁሴን ይማም ሞቶ ሲቀበር በዓይኔ አይቻለሁ» ብሏት ኖሯል። ለቅሶ ተቀምጣለች፣ ሰደቃዬን አውጥታለች፣ በየዓመቱም አልተወችም። ሾፌሩ «ልጅሽ ደህና ነው» ሲላት ሌላ ሁሴን ይሆናል ብላ እየሰጋች ነው የመጣችው። ሰውየው አልዋሸም። መንደራችን ውስጥ ከቃሉ አውራጃ የመጣ ሌላ ሁሴን ይማም ነበር፤ ዝምተኛ፣ ዘመድ የሌለው፣ በመጀመሪያው ክረምት ወባ የጣለው። የሚያለቅስለት ሰው የለም ብለን አዝነን ነበር የቀበርነው። ለካ የኔ እናት ዓመት ከዓመት ስታለቅስለት ኖራለች።

እናቴ አልተመለሰችም፤ እዚሁ ከኔ ጋር ኖራ እዚሁ ተቀበረች። ሐጃ ዘይነብ ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ ኩርሙክ ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም፤ ድንኳናቸው የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል። ሙሄ ወሎ ገብቷል፣ አለ የሚሉም አሉ ሞተ የሚሉም አሉ። ፀጉሬን ያን ዓመት ከተውኩት አልቀባሁትም፤ ነጩም ቆይቶ ረገፈ። ሁሴንዬ የሚለኝ ሰው ግን የለም፤ አባዬ አለ፣ ጋሼ አለ፣ ሐጂ የሚሉኝም አሉ ሐጅ ሳልሄድ። ልጄ በማንጎው ሥር ፀጉሯን ታጥባ ስትጨርስ ፀሐይ ላይ ወጥታ «አባዬ፣ ያምራል?» አለችኝ፤ ያምራል አልኳት፣ ሌላውን ሁሉ ከየት ልጀምርላት!

ያን ዕለት እናቴ እሸቷን በልታ፣ ነጠላዋን አውልቃ ልትተኛ ስትል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ያን ልጅ አሳየኝ» አለች። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ እጇን ይዤ ከመንደሩ ማዶ ወሰድኳት። ሣሩ እስከ ደረቴ ነበር፤ ድንጋዮቹን በእግሬ እየዳሰስኩ አገኘሁት። እሷ ተቀምጣ ፋቲሐ ስትቀራለት፣ እኔ ማጭዴን ይዤ ከሁሴን ይማም መቃብር ላይ ሣሩን አጨድኩ።