ከአንኮበር መንገድ የመጣች ጭረት

ንጋት፣ አንኮበር

ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው የመጀመሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የነገሥታቱን ግቢ ፍርስራሽና ገደሉን ስዞር ሰንብቼ ስለነበር ስለ እሱ ላወጋችሁ ነበር ሐሳቤ። ብርዱ እስክሪብቶ አላስይዝ ብሎኛል። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ቢላት እምቢ አለች። ምን ይሆን ብዬ ጠየቅኋት።

ወይንሸት ትባላለች፤ መሐንዲስ ናት። የታቀፈችው ከአሮጌ አውሮፕላን ክንፍ የተቆረጠ አሉሚኒየም ነው። ሥራዋ እንዲህ ያለው ብረት የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ በኮምፒውተር ቀድማ ማስላት፣ ከዚያ በማሽን እየጎተተች ስሌቷን መፈተን ነው። ክንፍ በየበረራው ይለጠጣል፣ ይመለሳል፤ ይህ ሲደጋገም አሉሚኒየሙ ይደክምና በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትጀምራለች አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ለካ ብረትም እንደኛ ይደክመዋል።

እስካሁን የሞከረቻቸው ቁራጮች ግን ስሌቷ ካለው ቦታ ውጪ እየተሰነጠቁ አሳፍረዋታል። አማካሪዎቿ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ፈቅደውላታል፤ ይህም ካልሠመረ ለዶክትሬት የደከመችበት ሥራ ሁሉ ይጣላል። የቀራት ቁራጭ ደግሞ ይኸው በጋቢው ያለው ብቻ ነው። አንኮበር ባለው በእናቷ ቤት ሆና ራሷ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሰው ከርማለች።

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

ደጋው ላይ ስንወጣ ነፋሱ በረታ። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የኩበት ክምር፣ ጀርባቸውን ለነፋስ የሰጡ በጎች። እዚህ አገር ውበቱም ብርዱም ሳይሰስት ነው የተሰጠው። ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን።

ወይንሸት እኔን ለማሳየት ጋቢውን ገለጠችው። አሉሚኒየሙ ፊት ያሳያል። መሀሉ ላይ እንደ ክንፍ ብሎን ማሰሪያ ያለ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው ብላ አስልታለች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከቆላው ከአልዩ አምባ ሎሚ ጭነው ለገበያ የሚወጡ እማማ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ጠጋ ብለው አዩት። «ብር ነው?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። ከሻሻቸው መርፌ ቁልፍ መዘዙና ሽርክት አድርገው ፋቁት።

«አይ፣ ብር አይደለም» አሉ ረጋ ብለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የወይንሸት ዕንባ ወረደ፤ ለሙከራው የምትፈልገው ጭረት ያልነካው ቁራጭ ነበር። ነገሩን እኔ ሳስረዳቸው እማማ ዘሀራ ደነገጡ። «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ሐቅሽ አለብኝ» እያሉ ይቅርታ ለመኗት። እሷ ግን ደብረ ብርሃን እስክንገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን

ባጃጅ፣ የብርድ ልብስ ሻጭ፣ የፋብሪካ ጭስ፣ ጆሮ የሚቆርጥ ነፋስ። መንገዴን መቀጠል ነበረብኝ፤ ልጅቷን እንዲያ ሆና ትቻት መሄድ ግን አልሆነልኝም። ተከትያት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወዳለው የሙከራ ክፍሏ ገባሁ።

ጭረቷን በማይክሮስኮፕ ስታይ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በፊት የተሰነጠቁትን ቁራጮች ከመሳቢያ አወጣችና አንድ በአንድ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባቻቸው። ሁሉም ስንጥቃቸው የጀመረበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጭረት አላቸው።

«እኔ ያሰላሁት ሰው ነክቶት ለማያውቅ አውሮፕላን ነበር» አለች። «መካኒክ ይነካዋል፣ መሰላል ይነካዋል።»

የእማማ ዘሀራን ጭረት ጥልቀትና አቅጣጫ ለካች፤ ከስሌቱ አስገባችው። ኮምፒውተሩ ሐሳቡን ቀየረ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳው ሳይሆን ከጭረቷ ጫፍ ነው አለ። ቦታውን በቀለም ምልክት አደረገችበትና ቁራጩን በመንጋጋው አስነክሳ ማሽኑን አስነሣችው። እንዲህ ከወደቀችበት አቧራዋን አራግፋ የምትነሣ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ እኔ ብሆን ገና ከሴትየዋ ጋር እጨቃጨቅ ነበር።

ከሰዓት

ማሽኑ ይስባል፣ ይለቃል። መብራት እንዳይጠፋ ሁለታችንም በልባችን እንጸልያለን። ምሳ ቅቅል በላሁ፤ እሷ አልቀመሰችም። እማማ ዘሀራ ሎሚያቸውን ሸጠው፣ ሰው ጠይቀው መጡና መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ጥግ ተቀመጡ። በመካከሉ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቆመ።

ወይንሸት በአጉሊ መነጽር አጎንብሳ አየች። «እማማ፣ ተሰነጠቀ» አለች። «ከርስዎ ጭረት ነው።»

እማማ ዘሀራ «ያ ረቢ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወይንሸት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ስንጥቁ ልክ ከቀለሙ ምልክት ሥር ነበር የተነሣው። መሰንጠቁ እንዳልጎዳት፣ የፈለገችው ካለችው ቦታ መሰንጠቁን እንደሆነ ለእማማ ዘሀራ ለማስረዳት ብዙ ደከምን።

ማታ፣ ወደ አዲስ አበባ

ይህን የምጽፈው የመጨረሻው አውቶቡስ ውስጥ ነው። የነገሥታቱን ግንብ ሳላወጋችሁ ቀረሁ፤ ከርሱ ይልቅ ያቺን ልጅ ማድነቅ ይዞኛል። ስንሰናበት እማማ ዘሀራ እጇን ይዘው «አሁንስ አውፍ ብለሽኛል?» አሏት።

«ብያለሁ እማማ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ፤ መንገዱን ሙሉ በልቤ ስረግምዎ ነው የመጣሁት።»

«እሱንስ ዐውቄዋለሁ ልጄ» አሉ። «እርግማንሽ ጀርባዬን ሲከብደኝ ነው የዋለው።»