ኧረ እርስዎ ይቅደሙ

የጉንፋን ክትባት ልትሰጥ ከሞጣ የመጣችው ነርስ ዘኪያ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ላይ ነው። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይወርዳል፤ ጢሙ ለብቻው ሰው ያስፈራል። ጅብ በዱላ የመለሰ ነው ይሉታል። ይህ ጎበዝ ታዲያ ሰልፉ ፊት ቆሞ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ዲኑን፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ብሎ አሳለፈ። የጽዳት ሠራተኛዋን፣ «እኅቴ፣ በሞቴ እለፊ!» አላት። ቁልፍ ሊጠይቅ ብቻ ብቅ ያለውን የኮምፒውተር መምህር ሳይቀር በትሕትና ገፍቶ አስወጋው።

በመጨረሻ ሰው አለቀበት። ዘኪያ ካፖርቱን አስወልቃ እጅጌውን ስትሰበስብለት፣ ክንዱ ላይ የጥይት ጠባሳ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄን ችለው መርፌ ይፈራሉ?»

«ጥይትማ ሳይነግር ነው የሚመጣ። የተኮሰብኝም ዛሬ አማቴ ነው። ይኸ ግን እያየሁት!»

ድንገት ብድግ አለና ወንበሩን በካፖርቱ ወልወል አድርጎ ወደ እሷ አስጠጋው።

«ደግሞስ ባለቤት ከእንግዳ ቀድሞ ያውቃል? ከሞጣ ድረስ የመጣሽው አንቺ ነሽ። በይ ልጄ፣ ቅደሚ!»