ከቦራ ጆሮ የተወለደችው ጥጃ

በከብት ምርምር ጣቢያው በረት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራውን ሰው ሁላችንም አባ ባልዲ እንለው ነበር። ያለ ባልዲ የታየው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ ለዚያም ቢሆን ሚስቱ ምስክር አልሆነችም። እኔ የመኖ መጋዘኑን እጠብቅ ነበርና የምጽፈውን በዓይኔ አይቻለሁ።

አባ ባልዲ ሰው አይወድም፤ ቦራን ግን ይወዳል። ቦራ ግንባሯ ላይ ሰፊ ነጭ ያላት ጥቁር የወተት ላም ነበረች። ሌላ ሰው ከቀረባት ትራገጣለች። እሱ ከግራ ጆሮዋ ሥር እያከከ፣ በዚያ በማያምር ድምፁ እያንጎራጎረ ሲያልባት ዓይኗን ትጨፍናለች። አርጅታ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው አልተነጋገረም።

የጣቢያው የእንስሳት ዶክተር ግን ቀደም ብላ ከቦራ ጆሮ ቁራጭ ቆዳ አስቀምጣ ኖሯል።

“ጋሼ፣ የቆዳዋን ዘር አውጥተን ባዶ በተደረገ የሌላ ላም እንቁላል ውስጥ እናስገባዋለን። ሌላ ላም ታረግዘዋለች፤ ቁርጥ ቦራን ትወልዳለች።”

“አባቷስ?”

“አባት የላትም።”

“ኮርማው ይህን ሰምቷል?”

ከአሥራ አንድ እርግዝና አሥሩ ጨነገፉ። “የእነዚህን ላሞች ፈቃድ ማን ጠየቀ?” ብሎ አባ ባልዲ ዶክተሯን ተቆጣት። አሥራ አንደኛዋ ግን ወለደች። ያን ዕለት ፀጉሩን አበጥሮ መጣና “እንኳን በደህና ተመለስሽ፣ የኔ እመቤት” ብሎ ጥጃዋን ከግራ ጆሮዋ ሥር አከካት። ጥጃዋ ጉልበቱን በርግጫ አለችው።

“ይቺ ቦራ አይደለችም! ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ የታለ? ይህ እኮ የጣት አሻራ ነው የሚያህለው!”

“ነጩ የሚያርፍበት ቦታ በማህፀን ውስጥ ይለያያል፣ ጋሼ። ዘሩ ያው ነው።”

“ታዲያ እኔን ለምን ረሳችኝ?”

“የቀዳነው ገላዋን ነው እንጂ ትዝታዋን አይደለም።”

“ታዲያ ምኑን ቀዳችሁት!”

ጥጃዋ ደካማ ነበረች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። አባ ባልዲ በግራዋ ቆሞ፣ እያንጎራጎረ፣ ጆሮዋን እያከከ ጡጦ ሲያቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እኛ እንሞክር ስንለው “ቦራ ከሌላ ሰው እጅ አትቀምስም!” ብሎ ያባርረናል። በሁለተኛው ቀን ዶክተሯ ቆርጣ ነገረችው፦ “በቱቦ እየሰጠሁ አልዘልቅም። ዛሬ ራሷ ካልጠባች ትሞትብናለች።”

ሚስቱ ምሳውን ይዛ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው።

“አንተ ሰውዬ፣ ሕፃኗን በረኃብ ልትፈጃት ነው?”

“ይህን ዜማ ትወደው ነበር!”

“የወደደችው የሞተችው ናት፤ እሷም ብትሆን ምርጫ አጥታ ነው። መንታ እህቴን እናታችን እንኳ ከእኔ አትለያትም ነበር። መንገድ ላይ ስታገኛት ‘ምሳዬ የታለ?’ ትላታለህ?”

“ምን ቆርጦኝ! እሷ እርጋታ ያላት ሰው ናት።”

“ይኸው! አንድ መልክ ይዘን ወጥተን እሷ እርጋታ ደረሳት፣ እኔ አንተ ደረስከኝ። በል አሁን፣ ይቺኛዋ ማን እንደሆነች እሷኑ ጠይቃት።”

አባ ባልዲ ማንጎራጎሩን ተወ፤ እጁንም ከጆሮዋ አነሳ። በቀኝ በኩል ዞረ፤ እምቢ አለች። ተንበረከከ፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ጭዱ ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ሰጣትና ጡጦውን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ያዘላት። ቦራ ብትሆን ጀርባውን የሰጣትን ሰው በቀንዷ ታነሳው ነበር። ጥጃዋ አሸተተችው፤ መጀመሪያ የሸሚዙን ኮሌታ፣ ቀጥላ ጡጦውን ያዘች። እስኪያልቅ ጠባች።

ዶክተሯ መዝገቧን ይዛ ሮጣ መጣች። “ጋሼ፣ ‘ቦራ ሁለተኛ’ ብዬ ልጻፍ?”

“አትጻፊ” አላት፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። “ቦራ ሞታለች። ይቺ ሌላ ሰው ናት።”

“ታዲያ ስሟን ማን ልበል?”

“ገና አሁን ተዋወቅን እኮ፣ ልጄ! ምን አስቸኮለሽ?”

ዶክተሯ የስሙን ቦታ ባዶ ትታ ሄደች።