የእትዬ ዘይነባ ሰሃንና ከረሜላ የገባበት ኬክ

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ ይገባዋል ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤአለሁ። ትልቅ ሰው የለበትም፣ ትልቅ ጉዳይም የለበትም። ያለው አንድ ካርቶን የኬክ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ ከረሜላና አንድ ሰሃን ነው። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩም «አንቺ ደግሞ ምን ትዝታ አለሽና ነው?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ብዕሬን አነሳሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ወደ ሱፐርማርኬት ሄደን ነበር። የአንዷ ልደት ደርሶ ምን እናድርግላት እያልን በመደርደሪያዎቹ መካከል ስንዞር ያንን ካርቶን አየሁት። ላዩ ላይ ለሁለት የተቆረሰ ብራውኒ የሚሉት የቸኮሌት ኬክ አለ፤ ከመሃሉ የቀለጠ ከረሜላ እንደ ማር ይወርዳል። ሥዕሉ አንድም አልተለወጠም።

«ይሄን እኮ እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ ሳላስበው።

«ከባድ ነው?» አለች ባለልደቷ።

«ኧረ ቀላል ነው!» አልኩና ብቻዬን ሳቅሁ። የሳቅሁበትን ምክንያት ለመናገር ግን ኮልፌ ድረስ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ወደጨረስኩበት ክረምት ድረስ መመለስ አለብኝ።

እኛና የእትዬ ዘይነባ ቤተሰብ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤቶቻችን ፊት ለፊት ናቸው። በመካከላቸው የጋራ የውሃ ቧንቧ፣ የጋራ የልብስ ገመድ፣ ክረምት ላይ ጭቃ እንዳንረግጥ የተደረደሩ ድንጋዮች አሉ። እናቴ አስካለ ቤቴል ውስጥ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነበር የምትሠራው። ካርድ አውጪ ትሁን እንጂ ግቢያችን ውስጥ እንደ ሐኪም ነበር የምትታየው፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። እትዬ ዘይነባ ጨርቅ ይነግዳሉ። አባታቸው አባባ ሸምሱም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር፤ ጣፋጭ ሲያዩ ዐይናቸው የሚበራ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። ልጃቸው ኑሪያ ደግሞ ጓደኛዬ ናት።

በግቢያችን አንድ የማይጻፍ ሕግ ነበር። የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። በበዓል ሥጋ ባንለዋወጥም ዳቦው፣ ቆሎው፣ ጣፋጩ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ሰሃን ይዘሽ ስትሄጂ የሚሰጥሽ ነገር ቢጠፋ እንኳ ጥቂት ስኳር ወይም ሎሚ ጣል ተደርጎበት ይመለሳል። የእትዬ ዘይነባ ሰሃን ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩን ሰማያዊ አበባ አለው። በዒድ ሙሸበክ ተሞልቶ እኛ ቤት መጣ። ሙሸበኩን የጾም ነው ብለን ከዘይቱ እስከ ስኳሩ ላስነው። እናቴም «በፋሲካ ድፎ ቆርሼ እመልስበታለሁ» ብላ ሰሃኑን አጥባ አስቀመጠችው።

ፋሲካ ሳይደርስ ግን ነገር መጣ። በዋዜማው ቅዳሜ እናቴ አዲሱን ነጠላዋን አጥባ ገመዱ ላይ አሰጣች። እትዬ ዘይነባም አንድ ቀይ ጨርቅ ነክረው ከጎኑ ሰቀሉ። ነፋስ ተነሣና ቀዩን ጨርቅ ነጠላው ላይ አጠፈው። እናቴ ስትደርስ የነጠላው ጫፍ ላይ የመዳፍ ያህል ሮዝ ቀለም ታትሞበታል።

«ሆን ብለሽ ነው!» አለች እናቴ።

«ወላሂ አስካለ፣ አላየሁትም።»

«ሆን ብለሽ ነው! ለበዓሌ ነው ያደረግሽው!»

እትዬ ዘይነባ ቀዩን ጨርቅ ከገመዱ ላይ ሰብስበው ገቡና በሩን ዘጉ። ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም የጎዳቸው የነጠላው ነገር ሳይሆን ያቺ «ለበዓሌ» የምትለዋ ቃል እንደሆነች ገብቶኛል። ስንት ዓመት ሙሉ አንዱ የአንዱን በዓል ሲያደምቅ ኖሮ እንዲህ ይባላል?

ከዚያ በኋላ ሰላምታውም ቆመ። ሰሃኑ ቡፌ ላይ ቀረ። ባዶውን ቢመለስ ስድብ ነው፤ ሞልቶ ቢመለስ ደግሞ ለእናቴ ይቅርታ መጠየቅ ሆነባት። አቧራውን በየሳምንቱ ትጠርግለታለች፤ ከቦታው ግን አታነሣውም።

ክረምቱ ገፍቶ ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት ቧንቧው ጋ ጀሪካን ስንሞላ ኑሪያ «ቤቴል ቤት አግኝተናል፤ ቅዳሜ እንወጣለን» አለችኝ።

 እናቴ ሥራዋ ቤቴል ነው። ጠዋትና ማታ በደጃቸው ልታልፍ ነው ማለት ነው፣ ሰላም ሳትል። እዚህ ግቢ ውስጥ ያልታረቁ ሰዎች እዚያ በምን አጋጣሚ ይታረቃሉ?

«ሰሃናችሁስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እናቴ ‹ይቅር› ብላለች። ግን ዕቃ ስታስር በስንቱ ሰሃን መሃል እሱን ስትፈልግ አይቻታለሁ።»

ከዱባይ ለዕረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ያመጣችልን የኬክ ካርቶን ትዝ ያለኝ ይሄኔ ነው። ለልደቴ ብዬ ሻንጣ ውስጥ ደብቄው ነበር። ዐርብ እናቴ ሥራ ስትሄድ ኑሪያን ጠራኋት። ካርቶኑ በአንድ በኩል በዐረብኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል።

«ቁርዓን ቤት ተምረሽ የለ፣ አንብቢዋ» አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ምን ይላል?» ስላት «እኔ ማንበብ ነው የተማርኩት፤ ትርጉሙን ራስሽ ፈልጊ» አለችኝና ሁለታችንም መሬት ላይ ተንከባለልን። በእንግሊዝኛው በኩል፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ እንቁላል፣ ዘይትና ውሃ እንደሚጨመር ደረስኩበት። ከረሜላው ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም። ራሳችን ማስገባት አለብን።

በራችን ላይ ያለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ እንቁላሉን ሲያስጨብጠኝ ግንባሩን ቋጠረ።

«ፍሬ፣ በፍልሰታ እንቁላል?»

«ለጎረቤት ነው።»

«በጎረቤት ስም ስንት ጾም ተገደፈ!» አለና የጠየቅሁትን ከረሜላ ሰጠኝ። የሚንትና የቡና፣ ስትነክሺው ቋ የሚለውን ዓይነት። ሥዕሉ ላይ ያለው ለስላሳ እንደሆነ ልቤ ቢጠረጥርም ኑሪያ «ከረሜላ ከረሜላ ነው፤ እሳት ሲያገኝ ሁሉም ይለሰልሳል» አለች። እውነቷን ነው፣ እሳት ሲያገኝ ይለሰልሳል።

ኦቨን አልነበረንም። ትልቁን ብረት ድስት ምድጃ ላይ ጥደን ታቹን አሸዋ አነጠፍንበት፤ ሊጡን በትንሽ ድስት አድርገን መሃሉ ላይ አስቀመጥንና ከደንነው። ሊጡ ውስጥ ከረሜላዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ቀበርኳቸው። ቤቱ ቸኮሌት ቸኮሌት መሽተት ሲጀምር መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እየተጯጯህን ከሰል አቀጣጠልን፤ ድስቱን አዛወርን፤ ክዳኑም ላይ ፍም ደረደርንበት። ሲወጣ ታቹ ትንሽ ጠቆር ብሎ ላዩ ግን አብረቀረቀ። በማንኪያ ጫን ስናደርገው እንደ ስፖንጅ ሰመጠ።

«ልቅመስልሽ» አለች ኑሪያ።

«በፍጹም! የሰው ሰሃን ላይ የተነካ ነገር አይቀመጥም።»

«ኧረ ሰሃኑ የእኛው ነው!»

አልሰማኋትም። የሊጡን ማንኪያ ልሳ «ጣፋጭ ነው» ስላለችኝ በዚያው ረካሁ። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። እንዲህ ሆኖ ማንም ያልቀመሰው ብራውኒ በእኩል በእኩል ተቆርሶ፣ ገና ሙቅ ሳለ፣ ሰሃኑ ላይ ተደረደረ።

እናቴ ማታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ቡፌው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

«ማነው ሰሃኑን አውርጂ ያለሽ?»

ሰሃኑን ከነብራውኒው ፊቷ አስቀመጥኩት።

«እንቁላል አለው?»

«አለው። እኔ ግን አልቀመስኩም።»

«ያልቀመሱትን ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አለች። ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰሃኑን ብዙ አየችው። «ውሰጂላት። ግን እኔ አይደለሁም የላክሁሽ። ከጠየቀችሽም እንዳትዋሺ።»

ለእኔ ይህ ከእምቢታ የባሰ ነበር። እትዬ ዘይነባ «እናትሽ ናት የላከችሽ?» እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነኝ። አዎ ካልኩ ዋሸሁ፤ አይደለችም ካልኩ ሰሃኑ ኬክ ብቻ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ግን እናቴ ከሣጥን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ሰሃኑን ስትሸፍን፣ ጫፎቹንም ዝንብ እንዳይገባ ወደ ሥር ስታጥፍ አየኋት።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ፍራሽና ሶፋ ተጭኗል። አባባ ሸምሱ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ያዝዛሉ። ሰሃኑን በሁለት እጄ ይዤ እትዬ ዘይነባ ፊት ቆምኩ። አበባውን ሲያዩ ዐወቁት።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ የሸፈነችው እናቴ ናት» አልኳቸው።

ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ዐይናቸው ወደ በራችን ሄደ፤ እናቴ መጋረጃው ጋ ቆማለች።  አባባ ሸምሱ ግን ትዕግሥት አልነበራቸውም።

«ምንድነው እሱ? ኬክ ነው? ወዲህ በይ እስቲ፣ መንገደኛ ነኝ!»

ትልቁን ቁራሽ መርጠው «ቢስሚላህ» ብለው ገመጡ። መንጋጋቸው አንድ ጊዜ ሄደና ቆመ። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ከረሜላው ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ኖሯል። አባባ ሸምሱ ዐይናቸው ፈጠጠ፤ ቁራሹን ለማውጣት ሳብ ሲያደርጉት የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ብራውኒው ላይ እንደተነከሰ አብሮ ወጣ።

 ተሸካሚዎቹ ቁም ሣጥኑን ይዘው ቆሙ። እኔ መሬት ብትከፈት ደስታዬ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ በነጠላ ጫማ ድንጋዮቹን እየዘለለች ደረሰች።

«አባባ! ድድዎን አመመዎት? አፍዎን ይክፈቱልኝ! ዘይነባ፣ ለብ ያለ ውሃ አምጪ!»

«ምድጃውም ማንቆርቆሪያውም ተጭኗል!»

«ከእኔ ቤት አምጪያ! ቦታውን ታውቂው የለ!»

እትዬ ዘይነባ ሮጡ። ከፋሲካ ዋዜማ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም፤ ፔርሙዙን ግን ሳይፈልጉ ይዘው ወጡ። እናቴ ጥርሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ከረሜላውን እያሟሟች ስታላቅቅ አባባ ሸምሱ በባዶ ድዳቸው ይናገራሉ።

«የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጠጠር በኬክ ጠቅልላችሁ ታጎርሳላችሁ? ቤቱንስ ለቀቅንላችሁ፣ ጥርሴንም ፈለጋችሁት?»

መጀመሪያ ኑሪያ ፈነዳች፤ ከዚያ ተሸካሚዎቹ። እትዬ ዘይነባ ግን አልሳቁም። እናቴን ትክ ብለው አይተው፣

«ሆን ብለሽ ነው» አሉ።

ሳቁ ቆመ። እናቴ ጥርሱን እንደያዘች ቀና አለች። ቃሏን ዐውቃዋለች። እትዬ ዘይነባም እንደዐወቀችው ባዩ ጊዜ የከንፈራቸው ዳር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» አለች እናቴ። «እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።» ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ግን ያን ቀን ሆን ብለሽ አልነበረም። ስናገረውም ዐውቀው ነበር፣ ዘይነባ» አለች።

ሲተቃቀፉ የጥርሱ ውሃ ሁለቱም ላይ ተደፋ። አባባ ሸምሱ «ጥርሴን! ጥርሴን መጀመሪያ!» እያሉ ይጮኻሉ።

መኪናው ሲሄድ ሰሃኑ፣ ከነብራውኒው፣ እትዬ ዘይነባ ጭን ላይ ነበር። ቤቴል ደርሰው በሙቅ ወተት እያለሰለሱ እንደጨረሱት ኑሪያ ነገረችኝ። እናቴም ከሥራ ስትመለስ በደጃቸው ዝም ብላ አላለፈችም፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም እራት አብርዳብን ትመጣ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ካርቶኑን ገዛን። ከረሜላውን ግን ለስላሳውን መረጥኩ፤ ከማንም በፊትም ራሴ ቀመስኩት። ጓደኞቼ ሲያመሰግኑኝ እኔ በልቤ የማመሰግነው ሌሎችን ነበር፤ «እንዳትዋሺ» ብላ ሰሃኑን ግን በጨርቅ የሸፈነችልኝን እናቴን፣ ያቺን «ሆን ብለሽ ነው» የምትል ቃል ወደ ሳቅ መልሰው የሰጡንን እትዬ ዘይነባን፣ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር «ያንን ጠጠር መቼ ነው የምትጋግሪልኝ?» የሚሉኝን አባባ ሸምሱን። ለሰው ደስ እንዲለው ብዬ የማደርገው ነገር ሁሉ እንዳሰብኩት አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን የተበላሸው ኬኬ ያማረ ቢሆን ኖሮ የማይሠራውን ሠራ።

ነጠላው ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቴ ከሣጥኑ ሥር ቀብራው ከቆየች በኋላ አንድ ቀን አውጥታ ለበሰችው። እትዬ ዘይነባ ሰሃኑን በሙሸበክ ሞልተው ሊጠይቁን ሲገቡ ዐይናቸው ሮዙ ምልክት ላይ ዐረፈና ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። «ተይው ዘይነባ» አለቻቸው እናቴ፤ «ከዛሬ ወዲያ ይሄ ጥለቱ ነው።» ጠቡ የተጀመረበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ያለቀበትም ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ነጠላው የተለበሰበት የመስቀል ዕለት ነው፣ መስከረም 17።