የባላባቱ ሁለተኛ ዓይን

ሥነ ጥበብ የሰውን ልጅ ከፍ ያደርጋል የሚል ሰው ሲገጥመኝ የበላነውን ገብስ አስታውሳለሁ። እኛን ያበላን አንድ የተሣለ ዓይን ነው፤ እሱም ውሸት ነበር።

አባቴ መካነ ሰላም አካባቢ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ረሀቡ በጠናበት ወቅት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከተማውን ለቆ ሲሄድ አንድ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ሰጠው። በቪክቶሪያ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ የሣላቸው የዘወትር ኑሮ ሥዕሎች ነበሩ፦ ባቡር የሚጠብቅ ሕዝብ፣ ዓሣ ሻጭ ሴት፣ በራፍ ላይ ዳቦ የሚጠብቁ ድሆች፣ በመስኮቱ ውስጥ ፊቱን አዙሮ የሚበላ ወፍራም ሰው።

አባቴ ደነገጠ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ኃጥእና ሰይጣን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግን ግማሹ ሰው በጎን ነው።

«ይህ ሁሉ አገር ተኮንኗል?» አለ።

ሳምንት ሙሉ ገጾቹን ሲያገላብጥ ሰነበተና ሌላ ነገር ገባው። ሰውየው ማንንም አልኮነነም፤ ያየውን ነው የሣለው። ከዚያ አባቴ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ስህተት ሠራ፤ ለእሱ የገባው ለአጥቢያው ሁሉ የገባ መሰለው።

በዚያው ሰሞን የአካባቢያችን ባላባት በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተንበርክኮ እንዲሣል አዞ ነበር። የምንበላው የእሱን ገብስ ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ የሚቀመጠው ረሀብተኛ በየጠዋቱ ይበዛል፤ አንዳንዱ በማግስቱ አይነሣም። የባላባቱ ጎተራ ከአጥሩ ማዶ እንደተዘጋ ይታያል። አባቴ ሰውየውን እንዳየው ሣለው፤ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ከሕዝቡ ወደ ጎተራው መልሶ። በጎን።

የሥዕሉ መጋረጃ ተገለጠ። አንዲት ባልቴት አማተበች።

«መሪጌታ፣ ሁለተኛው ዓይኔ የት ሄደ?» አለ ባላባቱ።

«ጌታዬ፣ ዞር ብለው ስለሆነ ነው እንጂ ዓይንዎስ አለ።»

«እንግዲያው ገብሱም ዞር ብሏል።»

ገብሱ በቀረ በአምስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ማልቀሱን ተወ። እናቴን ያስፈራት ያ ዝምታ ነው።

«ዓይን አይደል? ይጨምሩለት» አለችው አባቴን። «አብሽሩ፣ እግዜርም ያውቃል።»

ጨመረለት። በጎን በተሣለው ፊት ላይ፣ ጆሮው አጠገብ፣ የትም የማያይ ዓይን። ገብሱ መጣ፤ ወንድሜም አለቀሰ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆመው ግድግዳውን አዩ። አንደኛው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቀመጥ የማውቀው ሰው ነው።

«ይህን ጨቋኝ ጻድቅ ያደረግከው አንተ ነህ?» አለው አባቴን። «ነገ ስንመጣ ይህች ዓይን ካለች፣ አንተም ከእሱ ጋር ነህ።»

አባቴ ቢላ አምጥቶ ይፍቅ ጀመር። እናቴ የሚረግፈውን ቀለም መሬት ሳይነካ በነጠላዋ ጫፍ ትቀበላለች።

«ቀስ ይበሉ» አለችው። «ልጆቼ የበሉት እሷን ነው።»

በማግስቱ ባላባቱን በደጃችን በኩል ወደ ወረኢሉ መንገድ ነዱት። ከሄደበት አልተመለሰም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ባላባቱ አላየውም። ወደ ተከፈተው ጎተራ እያየ አለፈ፤ እኛ ከቆምንበት የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር።